የመሣሪያው ምስጢር ይጠበቅ፤ የገንዘቡ ሒሳብ ግን ለሕዝብ ይነገር



በጎበሳ ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። አንድ ርዕሰ መምህር ጠመኔና ወረቀት ሊገዛ ሲፈልግ ሦስት ፕሮፎርማ መሰብሰብ፣ ኮሚቴ ማስፈረም፣ ዕቃው ሲመጣም በሞዴል 19 ገቢ ማድረግ ግድ ይለዋል። ለአሥር ወንበር ይህን ደረጃ ያልጠበቀ ኃላፊ ኦዲተር በመጣ ቀን መልስ ይሰጣል። ሥርዓቱ አሰልቺ ነው ብለን የምናማርርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም ለምን እንደተሠራ የሚጠፋው ሰው የለም፤ ገንዘቡ የሕዝብ ስለሆነ ነው።

ይህን ይዛችሁ ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የሰጠውን መግለጫ አስታውሱ። በተለምዶ ሜቴክ የምንለው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ያለ ጨረታ 37 ቢሊዮን ብር ያህል የውጭ ግዥ መፈጸሙን ነበር የነገረን። ለጠመኔ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ለ37 ቢሊዮን ብር ግን ጨረታ የለም! በግለሰቦች ላይ የቀረበውን ክስ መዳኘት የፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ የማንንም ስም አናነሳም። የሚያሳስበን ሰዎቹ አይደሉም። ሰዎቹ ቢቀየሩም ያንኑ ደግሞ ሊያሠራ የሚችለው አሠራር ነው የሚያሳስበን።

«የእናንተ ፓርቲ ስለ ማዳበሪያና ስለ መንገድ ይናገር እንጂ ስለ ጦር መሣሪያ ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይቀርብልናል። መልሳችን አጭር ነው። የማዳበሪያውም የመሣሪያውም ገንዘብ የሚወጣው ከአንድ ካዝና ነው። በ2014 ዓ.ም. በጀት ሲጸድቅ ለመከላከያ የተያዘው 22 ቢሊዮን ብር ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ወር 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ሲጸድቅ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ሆነ። ለ2015 ዓ.ም. ከ786 ቢሊዮን ብር ጠቅላላ በጀት ውስጥ 84 ቢሊዮን ብር ተመደበ። ጦርነት ነበር፤ ጦርነት በበጀት ዓመት አይመጣም፤ ይህን እንረዳለን። ግን ከዚያ ሁሉ ገንዘብ ውስጥ ስንቱ ለደመወዝና ለስንቅ፣ ስንቱ ለአዲስ ግዥ፣ ስንቱ ለጥገና እንደዋለ ግብር ከፋዩ ሕዝብ የተነገረው ነገር አለ? ልጁን ለሠራዊቱ የሰጠ የአርሲ አባት፣ ልጁ የሚይዘው መሣሪያ በአግባቡ የተገዛ መሆኑን የሚያረጋግጥለት ማን ነው?

ሜቴክ ሲቋቋም የነበረውን ሐሳብ እናስታውስ። በሰኔ 2002 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 183 ሲመሠረት ዓላማው በጎ ይመስል ነበር። የጋፋት፣ የሆሚቾ፣ የደጀንና የቢሾፍቱ የመከላከያ ፋብሪካዎችን እንደ አዳማው የእርሻ መሣሪያዎችና የአቃቂው የብረታ ብረት ካሉ የሲቪል ፋብሪካዎች ጋር በአንድ ጥላ ሥር ማዋል፣ ለሠራዊቱ የሚያስፈልገውን በሀገር ውስጥ ማምረት፣ የውጭ ምንዛሪም ማዳን ነበር የታሰበው። የጋፋት ስም በራሱ የታሪክ ቅርስ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ ነውና። በሀገር ውስጥ ማምረትን ማንም ኢትዮጵያዊ አይጠላም። ፓርቲያችንም አይጠላም።

ጥፋቱ የጀመረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ኮርፖሬሽኑ በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር ሆኖ፣ በመኮንኖች እየተመራ፣ ገዢም ሆነ አምራችም ሆነ ሥራ ተቋራጭም ሆነ። የሕዳሴውን ግድብ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ያዘ። የስኳር ፋብሪካዎችን ያዘ። በኢሉባቦር የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካን ያዘ። ትራክተርም ገጣጠመ። በዓቃቤ ሕግ መግለጫ መሠረት ደግሞ አሮጌ መርከቦች፣ አውሮፕላኖችና ሆቴሎች ሳይቀሩ ገዝቷል። ለሠራዊት መሣሪያ የተቋቋመ ድርጅት ሆቴል ምን ያደርግለታል? ብሎ የሚጠይቅ አካል ከውጭ አልነበረም። ከውስጥ የሚጠይቅ ቢኖርም «የመከላከያ ጉዳይ ነው» የሚለው ቃል አፍ ያስይዛል።

ውጤቱን ሁላችንም አይተነዋል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው የግድቡ ሥራ ከኮርፖሬሽኑ መወሰዱን ተናገሩ። ግድቡ ለሌሎች ተቋራጮች ተሰጥቶ፣ ዓመታት ዘግይቶ፣ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ግን እስከ ዛሬ አንድ ከረጢት ዩሪያ አላወጣም። ለጎበሳ ገበሬና ነጋዴ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። በየክረምቱ ማዳበሪያ ዘገየ፣ ተወደደ እያልን የምንንገላታው ፋብሪካው በቦታው ስለሌለ ጭምር ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ጋር በጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም ሌላ ስምምነት ፈርሟል፤ ይሳካ ዘንድ እንመኛለን። በያዩ የፈሰሰውን ገንዘብ ግን ማን ይመልሳል?

እርግጥ ሜቴክ ፈርሷል። የመከላከያ ፋብሪካዎቹ ወደ ሚኒስቴሩ ተመልሰው፣ የሲቪሎቹ ኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ተብለው ተለይተዋል። መለየቱ ትክክል ነበር። ዳሩ ግን የድርጅት ስም መቀየር የግዥ ሥርዓት መሥራት ማለት አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሀገሪቱ ድሮኖችን ጨምሮ አዳዲስ መሣሪያዎችን ገዝታለች፤ ግዥው በምን ደረጃ እንደተመረመረ ግን የተሰማ ነገር የለም።

ገበሬያችን እንዴት እንደሚገዛ አስቡት። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል፣ ሸኾናውን ይዳስሳል፣ ሲራመድ ይመለከታል፤ ደላላው የቱንም ያህል ቢያወድሰው ገመዱን ከመጨበጡ በፊት ጎረቤት ጠርቶ ያማክራል። አርሲ ደግሞ ከካዱ ዘመን ጀምሮ ማሽን የሚያውቅ ሀገር ነው። ኮምባይነር ሊገዛ የተነሳ ባለሀብት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዋጋው ስንት ነው?» ብቻ አይደለም። መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ሜካኒኩ አሰላ አለ ወይስ ከአዲስ አበባ ይጠራል? ኦፕሬተሩን ማን ያሠለጥነዋል? ስንዴው ደርሶ ዝናብ ሲያስፈራራ ማሽኑ ቢቆምስ? ይህን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ማሽኑን ግቢው ውስጥ አቁሞ የባንክ ዕዳ ሲከፍል ይኖራል።

የጦር መሣሪያም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ የሚከፈለው በደምም ጭምር መሆኑ ነው። ታንክ ወይም አውሮፕላን ሲገዛ የሚከፈለው ገንዘብ መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም። በዓለም ላይ ያለው ልምድ እንደሚያሳየው መሣሪያው በአገልግሎት ዘመኑ ከሚጠይቀው ወጪ አብላጫው የሚመጣው ከተገዛ በኋላ ነው፤ ነዳጅ፣ ጥይት፣ መለዋወጫ፣ ሥልጠና፣ መጋዘን፣ እድሳት። የተደራጁ ሀገሮች ስለዚህ ከዋጋ አይጀምሩም። ስጋታችን ምንድን ነው? ለዚያ ስጋት ምን ዓይነት አቅም ያስፈልጋል? ያለንን ጠግነን ይበቃናል ወይስ አዲስ እንግዛ? ብለው ለብዙ ዓመት ያቅዳሉ። ሻጮችን ያወዳድራሉ። መሣሪያውን ከገዢው ክፍል ውጭ ያለ፣ ነገ የሚዋጋበት ክፍል፣ ሞክሮ ካላጸደቀው አይረከቡም። ክፍያውንም ከርክክቡ ጋር በየደረጃው ያስኬዳሉ።

የእኛ ታሪክ በዚህ ረገድ የሚያኮራም የሚያሳዝንም ትምህርት አለው። ዐፄ ምኒልክ ለአድዋ የተዘጋጁት በአንድ ቀን አይደለም። ለዓመታት ከፈረንሳይም፣ ከሩሲያም፣ ከራሷ ከኢጣሊያም ጠመንጃ አሰባስበዋል። በ1881 ዓ.ም. ከተፈረመው የውጫሌ ውል ጋር የተያያዘ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ወስደው ነበር፤ ውሉን ሲያፈርሱ ዕዳውን ከፍለው እጃቸውን ነፃ አወጡ። በአንድ ሻጭ አለመታሰር ማለት ይህ ነው። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣሊያ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ስትመጣ ኃያላኑ መሣሪያ እንዳይሸጥልን ከልክለው ቆይተው ስለነበር ጀግኖቻችን ከሰማይ የሚመጣውን የሚመክቱበት ነገር አልነበራቸውም ማለት ይቻላል።

ከ1945 ዓ.ም. የአሜሪካ ስምምነት በኋላ ሠራዊታችን ከጫማ እስከ አውሮፕላን የአሜሪካ ሆነ። ኤፍ-5 አውሮፕላኖች መጡ፤ አብራሪዎቻችንና ቴክኒሻኖቻችን በሚገባ ሠለጠኑባቸው። ታዲያ በ1969 ዓ.ም. ከዋሽንግተን ጋር የነበረው ግንኙነት ተበጠሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የዚያድ ባሬ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። በክፉው ሰዓት መለዋወጫ የሚሰጥ ጠፋ፤ የታዘዘ መሣሪያም ሳይደርስ ቀረ። ሰማዩን ያስከበሩት በእጅ ባለው ኤፍ-5 የተዋጉት አየር ኃይሎቻችንና ሌሊቱን ሙሉ ሲጠግኑ ያደሩት ቴክኒሻኖች ናቸው። ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ የሶቪየት መሣሪያ በአየርና በባሕር ጎረፈ፤ ጦርነቱንም አሸነፍን። ሠራዊቱ ግን ከሥር እስከ ጫፍ እንደገና በሌላ መሣሪያ መሠልጠን ነበረበት፤ ዕዳውም ለልጆቻችን ተረፈ። ሩሲያ በ1990ዎቹ ውስጥ አብዛኛውን እስክትሰርዝልን ድረስ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሸክም ነበር።

ያ ሁሉ ካለፈ በኋላስ ተማርን? በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ እንደገና በጥድፊያ ገበያ ወጣን። በ1991 ዓ.ም. ከሩሲያ ሱ-27 አውሮፕላኖች ተገዙ፤ ኤርትራም ሚግ-29 ገዛች። አውሮፕላኖቹ ሠርተዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ጦርነት ከተነሳ በኋላ ገበያ የሚወጣ ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ ሻጩ የጠራውን ይከፍላል። በግንቦት 1992 ዓ.ም. ደግሞ የጸጥታው ምክር ቤት በሁለቱም ሀገሮች ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ ጣለ፤ ቀድሞ ያልተዘጋጀ ሀገር እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ምን ይሆናል?

የምስጢርን ነገር ካነሳን ዘንድ ሁለት ጉዳዮችን እናስታውስ። በጥር 1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለአሮጌ የሶቪየት ታንኮቿ መለዋወጫ ከሰሜን ኮሪያ አስመጥታ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በሰሜን ኮሪያ ላይ ማዕቀብ ከጣለ ገና ጥቂት ወራት ነበር፤ አሜሪካም አይታ እንዳላየች አሳለፈችው። ይህን ኢትዮጵያውያን የሰማነው ከምክር ቤታችን ሳይሆን ከኒውዮርክ ጋዜጣ ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዩክሬን ከ200 በላይ ቲ-72 ታንኮች ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ መግዛታችን ተሰማ። ከማን? ከሻጩ ድርጅት! ሻጩ ያውቃል፣ የሻጩ ሀገር ያውቃል፣ የጎረቤት ሀገሮች ስለላ ያውቃል፣ ደላላው ያውቃል። የማያውቀው የከፈለው ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን የሚለው በትክክል እንዲሰማ እንፈልጋለን፤ ተቃዋሚ ሁሉ ሠራዊት ይጠላል የሚል ስም የሚለጥፉብን አሉና። ስንት ድሮን አለን? የት ተቀምጧል? ምን ያህል ርቀት ይመታል? የሚለው ምስጢር ነው፤ ምስጢር ሆኖም ይኑር። ማን ወሰነ? ስንት ሻጭ ተወዳደረ? ለደላላ ስንት ተከፈለ? የመጣው ዕቃ ይሠራል ወይ? የሚለው ግን የሠራዊት ምስጢር አይደለም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በምስጢር ስም መሸፈን የሚጠቅመው ጠላትን የሚፈራውን ሳይሆን ኦዲተርን የሚፈራውን ነው።

ሕጉም ቢሆን እንደሚባለው አፍ አይዘጋም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥ አዋጅ ቁጥር 649 ለሀገር መከላከያና ደኅንነት ሲባል የገንዘብ ሚኒስትሩ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጋር ተመካክሮ ከመደበኛው የተለየ የግዥ አፈጻጸም እንዲፈቅድ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። የተለየ አፈጻጸም አለ እንጂ አፈጻጸም አይኑር አላለም። ዓላማውም ደኅንነትን ብቻ ሳይሆን ቁጠባንና ቅልጥፍናንም ለማስገኘት እንደሆነ በግልጽ አስቀምጧል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጣል። ጉድለቱ የሕግ ሳይሆን ሕጉን የሚያስፈጽም ምክር ቤት ማጣት ነው። በሙሉ ድምፅ እያጨበጨበ የሚያጸድቅ ምክር ቤት ምን ሊጠይቅ ይችላል?

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ዩጋንዳ በ1990 ዓ.ም. ገደማ የገዛቻቸው ተዋጊ ሄሊኮፕተሮች ለበረራ ብቁ ሳይሆኑ ቀርተው በኋላ አጣሪ ኮሚሽን እስከ መቋቋም ደርሷል። ደቡብ አፍሪካ በ1992 ዓ.ም. ገደማ የተዋዋለችው የመርከብ፣ የባሕር ሰርጓጅና የአውሮፕላን ግዥ የሀገሪቱን ፖለቲካ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ሲያናውጥ ኖሯል። እዚያ ቢያንስ የምክር ቤት አባል ተነስቶ ጠይቋል፣ ጋዜጣ ጽፏል፣ ፍርድ ቤት ቆሟል።

ብትመርጡን የምናደርገው ይህ ነው። የሠራዊቱ የመሣሪያ ፍላጎት በየአምስት ዓመቱ ታቅዶ፣ ተቃዋሚዎች በተካተቱበትና ምስጢር ለመጠበቅ ቃል በገባ ቋሚ ኮሚቴ በዝግ ስብሰባ እንዲመረመር ሕግ እናቀርባለን። የሚጠይቀው፣ የሚገዛውና ተረክቦ የሚፈትሸው ክፍል ሦስት የተለያዩ አካላት እንዲሆኑ እናደርጋለን፤ የመከላከያ ፋብሪካም ለራሱ ዕቃ ገዢም መርማሪም እንዳይሆን። የመለዋወጫና የሥልጠና ወጪ ያልተካተተበት ውል እንዳይፈረም፣ ደላላ ካለም ስሙና ድርሻው በውሉ ላይ እንዲጻፍ እንጠይቃለን። ዋናው ኦዲተር ሁሉንም አይቶ ምስጢር የሆነውን ለኮሚቴው፣ ያልሆነውን ለሕዝብ ያቅርብ።

ለነጋዴዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። ሠራዊት የሚገዛው ጥይት ብቻ አይደለም። ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ ዱቄት፣ ባቄላ፣ ምስር፣ መድኃኒት፣ ጎማ ይገዛል፤ በዚህ ውስጥ ምንም ምስጢር የለም። የአርሲ ስንዴና ባቄላ በግልጽ ጨረታ ለወታደሩ ስንቅ መወዳደር ይገባዋል። የዚህ ዓይነት ግዥ ከመሣሪያው ምስጢር ተለይቶ በጋዜጣ ማስታወቂያ እንዲወጣ፣ የጎበሳ ዩኒየንም የአሰላ ወፍጮ ቤትም እኩል እንዲገባበት እንታገላለን።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ በጀት ለምክር ቤት ይቀርባል። የእኛ ተወካይ በመጀመሪያው ሰኔ ተነስቶ የሚጠይቀው ሦስት ቁጥር ነው፦ ከመከላከያ በጀት ለአዲስ ግዥ ስንት፣ ለጥገና ስንት፣ ያለ ውድድር የተገዛው ስንት። በጎበሳ ለሚወዳደሩ ዕጩዎች ሁሉ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ በአዳራሹ ስብሰባ ላይ ይህንኑ ጠይቋቸው፤ ምክር ቤት ቢገቡ ይህን ጥያቄ ለማቅረብ በፊታችሁ ቃል ይግቡ።